ዝርዝሩ ያልጠየቀን ነገር

«ጸጋ ከሆነ መታዘዝ ለምን ያስፈልጋል? መታዘዝ ግድ ከሆነ ደግሞ ጸጋው ምኑ ላይ ነው?»

ይህን ጥያቄ ከወጣቶች ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። መምህር ሆኜ አይደለም። ድሬዳዋ ውስጥ የነጋዴ ሒሳብ የምሠራ ሴት ነኝ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ቤቴ ቡና የሚጠጡ ልጆች አሉ፤ ጥያቄው የሚመጣው ከእነሱ ነው። ጥቅስ ጠቅሼ ስመልስላቸው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ሥራ ላይ ያየሁትን ሳወራ ግን ክርክሩ ይጦፋል። እዚህም በዚያው መንገድ ልሂድ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ሕግተኝነት፣ ማለትም የደንብ ዝርዝር በመጠበቅ እግዚአብሔርን ደስ አሰኝቻለሁ ማለት፣ የሚወቀሰው ሰውን ስለሚያስጨንቅና ብዙ ስለሚጠይቅ ነው። ማስጨነቁን ያስጨንቃል። ብዙ ይጠይቃል የሚለውን ግን አልቀበልም። እኔ ያየሁት ሕግተኝነት የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ከውጭ የሚታይ ነው፤ አንዴ ከለመዱት ደግሞ አይከብድም። ኪስ ውስጥ አይገባም። ኪስ ውስጥ ሲገባ ያየሁት ጸጋን ነው።

ያደግኩት ከዚራ፣ ከሽመንደፈር ሠራተኛ ቤት ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ያመኑ ወንጌላውያን ናቸው። ብዙ አጥቢያዎች ተዘግተው ስለነበር በየቤቱ ተደብቀው ይሰበሰቡ ነበር። መዝሙሩም በሹክሹክታ ነው። መፈክር አናሰማም ብለው የታሰሩ ወጣቶች ነበሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ «እዚያ አትሂድ፣ ከእነ እገሌ ጋር አትታይ፣ እንዲህ አትልበስ» መባባል ትርጉም ነበረው። አንዱ የሌላውን ሕይወት የሚጠብቅበት መንገድ ነበር። እናቴ ስለዚያ ዘመን ስታወራ ስለ ደንብ አይደለም የምታወራው። ስለ ሰዎቹ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። በሮች ተከፈቱ። ለእኛ ለልጆቹ የወረደልን ግን ዝርዝሩ ብቻ ነበር። የጆሮ ጌጥ የለም። ሱሪ የለም። ሹሩባ ያጠያይቃል። ዘፈን የለም። ጫት የለም። በግንቦት ሙቀት፣ የድሬ አስፋልት ሊቀልጥ ሲደርስ፣ እኛ በረጅም እጅጌ እንዘምራለን። አንዲት ጓደኛዬ በጆሮ ጌጥ የተነሣ ከኳየር ታገደች። እገዳው ሲነሣላትም ተመልሳ አልመጣችም። እንደሷ የሚዘምር ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

በዚያው ሰሞን ከጅቡቲ በባቡር ስለሚገባው ዕቃ ማንም አይሰብክም ነበር። ድሬ ውስጥ ኮንትሮባንድ እንጀራ ነበር፤ ያደገበት ያውቀዋል። ልጆቿን ለማብላት ጥቂት ሜትር ጨርቅ ደብቃ በምታመጣ እናት ላይ እኔ አልፈርድም። ግን በጅምላ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ፊት ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡት። ስለ ጆሯችን ስብከት ተሰበከ። ስለ ጭነታቸው አልተሰበከም።

ጌታ በማቴዎስ 23፥23 ላይ ፈሪሳውያንን የወቀሰው በዚህ ነው። ከአዝሙድ፣ ከእንስላልና ከከሙን ሳይቀር አሥራት ያወጡ ነበር፤ ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ግን ተዉ። አንድ ነገር ልብ በሉ። «አሥራታችሁን ተዉት» አላላቸውም። «ሌላውን ሳትተዉ ይህን ልታደርጉ ይገባችሁ ነበር» ነው ያላቸው። ጥፋታቸው ከመጠን በላይ መታዘዛቸው አልነበረም። መታዘዝን ቅመም ላይ አቁመውት ነበር።

ሥራ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ስሙም አጥቢያውም ይቅር። ሁለት መዝገብ ነበረው፤ አንዱ ለግብር፣ አንዱ ለራሱ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ አይቶታል። የገረመኝ ሌላ ነው። አንድ ቀን «አሥራትህን ከየትኛው መዝገብ ነው የምታሰላው?» አልኩት። (በድሬ ደንብ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው፤ የሌላ አገር ሰው አይደንግጥ።) ትንሽ እንኳ አላፈረም። «ከትልቁ ነው እንጂ! እግዚአብሔርን እሰርቃለሁ እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። አሥራቱ ሳንቲም አይጎድልም። ከሠራተኞቹ ደመወዝ ደግሞ በየወሩ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆርጣል። ሕጉ አሠሪው የራሱን 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ እንዲያደርግ ያዛል። እሱ የራሱን ሊጨምር ቀርቶ ከእነሱ የቆረጠውንም አያስገባም። ይህን ሳነሣበት «አንቺ ልጅ፣ መንፈሳዊ አትሁኚብኝ፣ ይሄ ቢዝነስ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን አልሠራሁለትም።

ይህን ታሪክ ስናገር ልጆቹ «ግብዝ!» ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ከልቡ የሚጸልይ ሰው ነው፤ ሲጾም አይቼዋለሁ። የተሰጠውን ዝርዝር በሙሉ ጠብቋል። ዝርዝሩ ላይ ጡረታ የለም፤ በቃ። ያዕቆብ «የሠራተኞች ደመወዝ ተቀምቶ ይጮኻል» ብሎ የጻፈውን ደጋግሞ አንብቦት ይሆናል። ዝርዝሩን ከጨረሰ ሰው ጆሮ ግን ይህ ጩኸት አይገባም። ሕግተኝነትን የምፈራው ለዚህ ነው። «ጨርሻለሁ» ያሰኛል።

አሁን ወደ ሌላው ሰው ልሂድ።

ቀፊራ ገበያ ስኳርና እህል የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫት ይቅማል። ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለልጅ ትቶ በርጫ ላይ ነው። እንዴት እንዳመነ ረጅም ወሬ ነው፤ ልዝለለው። ብቻ መጣ። አንዳንዶቻችን «መጀመሪያ ጫቱን ያቁም፣ ከዚያ ኅብረት ይግባ» አልን። በዚያን ጊዜ ሴላችንን፣ ቃሉን አብረን የምናጠናበትን ትንሽ ቡድን፣ የሚመራው ወንድም አልተስማማም። ሱቁ ድረስ ሄዶ ምሳ አብሮት መብላት ጀመረ። ጫቱ ደህና ነው አላለውም። «የልጆችህን ዳቦና ግማሽ ቀንህን እየበላብህ ነው» ብሎ ፊት ለፊት ነግሮታል። ግን ምሳው በዚያ ላይ አልተመሠረተም። ቃመም አልቃመም ወንድም ይመጣል፤ አብረው ይበላሉ፤ ሉቃስን ያነብባሉ። ብዙ ሰው አጉረመረመ።

ከወራት በኋላ ሰውየው እኔ ቢሮ መጣ።

«አቦ፣ አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ አይደል?»

«ለግብር ነው?»

«አይደለም። ሚዛኔ ልክ አይደለም።»

የኪሎው ድንጋይ ከሥሩ ተቦርቡሮ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ነው። ለስንት ዓመት፣ ለስንት ሰው፣ ስንት ግራም እንዳጎደለ እንዳሰላለት ነው የፈለገው። «ማን ነገረህ?» አልኩት። «ማንም። ዘኬዎስን ሳነብ ነው» አለኝ።

ያን ማታ ሉቃስ 19ን ቤቴ ሄጄ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አነበብኩት። ዘኬዎስ የኢያሪኮ ቀራጮች አለቃ ነው፤ ለሙያዬ ቅርብ ሰው። ኢየሱስ ከዛፉ ሥር ቆሞ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ሲለው ዘኬዎስ ገና አንድ ሳንቲም አልመለሰም። ይቅርታም አልጠየቀም። ሕዝቡ አንጎራጎረ። ከዚያ በኋላ ነው ተነሥቶ «የገንዘቤን እኩሌታ ለድሆች፣ ያታለልኩትንም አራት እጥፍ» ያለው።

አራት እጥፍ ከየት መጣ? በዘሌዋውያን 6 ሰው የቀማውን ወይም ያታለለውን ሲመልስ ዋናውንና አምስተኛ እጁን ጨምሮ ነው። ማለት 100 ከወሰደ 120 ይመልሳል። አራት እጥፍ የሚመጣው በዘጸአት 22 ነው፤ በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ። ዘኬዎስ ግን «ከሕጉ የትኛው አንቀጽ ይቀለኛል?» ያለ ሰው አይመስልም። 400 ሰጠ። ለድሆች የሰጠው ግማሽ ደግሞ በየትኛውም አንቀጽ አልተጠየቀም። ኢየሱስም አልጠየቀውም። እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካነበብኳቸው ሰዎች ከሕጉ በላይ የከፈለው ይኸው ሳይከፍል ቤቱ የተገባለት ሰው ነው።

ወደ ስኳር ነጋዴው ልመለስ። ማን ምን ያህል እንደገዛ መዝገብ የለም። ግምት አወጣን። የሚያውቃቸውን የሰፈር ሰዎች፣ ቡና ቤቶችንና የጉልት ቸርቻሪዎችን እየዞረ ነገራቸው። አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት አሮጊት «እኔም እኮ አውቅ ነበር፣ የአንተ ከሌላው ይሻላል ብዬ ነው» አለችው። የማያውቃቸውን በተመለከተ ዘኍልቁ 5ን አሳየሁት፤ ካሣውን የሚቀበል ሰው ከሌለ ለእግዚአብሔር ይሆናል ይላል። እሱ ለተቸገሩ እህል አድርጎ መስጠት መረጠ። ጫቱን ያቆመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ተንገላቶ፣ ወድቆ ተነሥቶ። «የቱ ከበደህ?» ስለው «ጫቱማ ጉንጬ ላይ ነው፣ ሚዛኑ ልጆቼ የበሉት ነው» ይላል።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። በእኛ መንገድ ሄደን ጫቱን መግቢያ ክፍያ ብናደርገው ኖሮ ምናልባት ያቆም ነበር። ይጠመቅ ነበር። እናጨበጭብ ነበር። ሚዛኑ ግን እንዳለ ይቀመጥ ነበር።

ስለ ራሴም ትንሽ። በደቀ መዝሙር ትምህርት ጊዜ የጽሞና ካርድ ነበረን። ጸለይሽ? ስንት ምዕራፍ አነበብሽ? ለስንት ሰው መሰከርሽ? ምልክት እናደርጋለን። ካርዱ ክፉ አልነበረም፤ ማንበብ አስለምዶኛል። ግን እኔ ዘንድ ቀስ በቀስ ዴቢትና ክሬዲት ሆነ። ካርዱ የሞላ ሳምንት እግዚአብሔር ይቀርበኛል፤ የጎደለ ሳምንት ይርቀኛል። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ወር ሙሉ ባዶ ካርድ ሲያየኝ ለመጸለይ እንኳ አፈርኩ። ያወጣኝ ሮሜ 4፥4 ነው። «ለሚሠራ ደመወዝ እንደ ዕዳ ነው እንጂ እንደ ጸጋ አይቆጠርለትም» ይላል። ጳውሎስ በእኔ ቋንቋ ነው የሚያወራው። ደመወዝ እከፍላለሁ፤ ተከፋይ ሒሳብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ካርዴን የማቀርበው እንደ ደመወዝ መጠየቂያ ነበር። እግዚአብሔር ግን የእኔ ባለዕዳ አልነበረም። ከዚያ በኋላም ማንበብ አላቆምኩም፤ እንዲያውም በዛ። ምልክቱን ግን ተውኩት።

ይህ የጴንጤዎች ብቻ ጣጣ አይምሰላችሁ። ጎረቤቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ስኳር በሽታ አለባት። በዐቢይ ጾም መድኃኒቷን ይዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቆይ ራሷን ስታ ወደቀች። የንስሐ አባቷ መጥተው «ከእንግዲህ ጠዋት ትበያለሽ» አሏት። እምቢ አለች። «እግዚአብሔር ያየኛል» አለች። እሳቸው ምን አሉ መሰላችሁ? «አዎ፣ ያይሻል። እምቢ ስትይም ያይሻል።» እየጎመዘዛት በላች። ለዓመታት ጾማ ያልከበዳትን ያህል ያቺ ቁርስ ከበደቻት። እኔ ከዚያ ቁርስ ስለ መታዘዝ ከብዙ ስብከት ይልቅ ተምሬያለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ። ቡና ከሚጠጡት ልጆች አንዱ የዕቁብ ሰብሳቢ ነበር። ገንዘቡን ለራሱ ጉዳይ አዞረው። ዕጣ የወጣላት ልጅ ስትጠይቀው «እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል፣ ከጸጋ በታች ነኝ» አላት። ወላሂ እንዲህ ነው ያለው። (ድሬ ውስጥ ክርስቲያኑም ወላሂ ይላል፤ ይቅርታ።) እሷም «እኔ ግን ከቤት ኪራይ በታች ነኝ» አለችው። ጳውሎስ ይህን ጥያቄ ቀድሞ አይቶታል፤ ሮሜ 6፥15 ላይ ከጸጋ በታች ስለሆንን ኃጢአት እንሥራን ብሎ ጠይቆ «አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። ልጁ ሽማግሌውን በጣም ይንቃል፤ «ሃይማኖተኛ» ይለዋል። እኔ ግን ሁለቱን አንድ ቦታ ነው የማገኛቸው። አንዱ በዝርዝሩ፣ አንዱ በጸጋ ስም፣ እግዚአብሔር ገንዘባቸው ጋ እንዳይደርስ አድርገዋል።

እንግዲህ እናንተ የትኛው ጋ እንዳላችሁ ማወቅ ብትፈልጉ፣ እኔ ራሴን የምጠይቀውን ላካፍላችሁ። ስወድቅ ለመጸለይ ስንት ቀን እቆያለሁ? ሦስት አራት ቀን «ደህና ሰው» ሆኜ ካልቆየሁ መቅረብ ካፈርኩ፣ የምቀርበው በራሴ ጽድቅ ነው ማለት ነው። ሌላው፣ አንድ ሰው በቀላሉ ሲቀበሉት ይከፋኛል ወይ? የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም አባቱን «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» ያለው በዚያ ቀን ነው። በደጉ ቀን አልተናገረውም፤ ወንድሙ ሲመለስ ግን ወጣ። ስኳር ነጋዴው ከነጫቱ ሲቀበሉት እኔም ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

ደንብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ አለኝ። እሁድ ሒሳብ አልነካም፤ በግብር ወቅት፣ በሐምሌ ግርግርም ቢሆን። ይህ ደንብ ይጠቅመኛል። ግን እሁድ ሱቅ የሚከፍት ወንድም ስላየሁ ከእሱ እበልጣለሁ ብዬ ካሰብኩ ያን እሁድ ሱቅ ብከፍት ይሻለኝ ነበር። በተለይ ወጣት የምትመሩ ሰዎች፣ ደንብ ስታወጡ ማንን እንደሚጠብቅ ለልጆቹ ንገሯቸው። መናገር ካቃታችሁ ደንቡን አታውጡት። ልጅ ከኳየር ከማገዳችሁ በፊት ደግሞ ቤቷ ሄዳችሁ ምሳ ብሉ።

የጆሮ ጌጥ ጥያቄ ዛሬም ይመጣል። እኔ ሴቶቹን የምጠይቃቸው ሌላ ነው፤ የቤት ሠራተኛችሁ ደመወዝ በወሩ ተከፍሏል? እሷስ እሁድ ዕረፍት አላት? በዚህ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ አንዳንዷ ቦርሳዋን ትፈትሻለች።

መመለስ ያለበት ነገር ላለባችሁ ደግሞ ከልምድ የማውቀውን ልንገራችሁ። ከትልቁ ሰው አትጀምሩ፤ ከምታውቁት ሰው ጀምሩ። በአንዴ ካልቻላችሁ በየወሩ ይሁን፤ ግን በጽሑፍ። መድረክ ላይ ወጥታችሁ ምስክርነት ከመስጠታችሁ በፊት ባለ ገንዘቡ ይስማ። የዕቁቡ ልጅ አሁን በየወሩ እየከፈለ ነው፤ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው። አንድ ወር ዘልሏል። ደወልኩለት።

ስኳር ነጋዴው ግን አዲስ ጣጣ ገጥሞታል። ሰዎች ከጎረቤት ሱቅ የገዙትን ይዘው እሱ ጋ እየመጡ ያስመዝናሉ። ጎረቤቶቹ ተቆጥተዋል፤ ገበያችንን ዘጋህ ይሉታል። መዝኖ እውነቱን ቢናገር ጸብ ነው፤ አልመዝንም ቢል ደግሞ ሕሊናው እሺ አይለውም። ባለፈው ሳምንት መጥቶ «ምን ላድርግ?» አለኝ። ሴላችን ውስጥ ሁለት ሐሳብ አለ። እስካሁን አልተስማማንም።